የዋናው ግቢ ዋጋ

ሴት ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣው ሶፋ ሠሪ ከኮሌጁ መዝጋቢ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን የማስታወቂያ ወረቀቶች ተራ በተራ አንስቶ፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት አሸት አደረጋቸው። ሁለቱም የንግድ ሥራ አመራር ዲግሪ ነበር የሚሸጡት፤ አንዱ ሰፈራቸው ባለው ቅርንጫፍ፣ ሌላው ሩቅ ከተማ ባለው ዋናው ግቢ፣ በእጥፍ ዋጋ። “የዋናው ግቢ ጥቅሙ ከፍ ይላል፣ ጌታዬ” አለ መዝጋቢው ከረባቱን እያስተካከለ። ሶፋ ሠሪው ከረባት ሲያይ ደሙ ይፈላል። ስንቱ ባለ ዲግሪ ሶፋውን አሠርቶ ሲያበቃ “መፈረም ትችላለህ?” ብሎታል።

“አስተማሪዎቹ ሌላ ናቸው?”

“አይ፣ ያው ናቸው፤ እየተመላለሱ ነው የሚያስተምሩት።”

“መጽሐፉስ?”

“እሱም ያው ነው።”

“ታዲያ ያንኑ ሶፋ ጨርቁን ቀይረህ በእጥፍ ልትሸጥልኝ ነዋ! እኔ መሃይሙ እንኳ እንዲህ አላጭበረብርም” ብሎ ከት ብሎ ሳቀና ወደ ልጁ ዞረ። “ሰማሽ፣ የኔ ሥራ አስኪያጅ? አራት ዓመት ሙሉ የሚያስተምሩሽ ሰው መዝረፍ ነው። በይ፣ ዝርፊያውን ከቤትሽ እየተመላለስሽ ተማሪ።”

ልጅቱ አልሳቀችም። የዋናውን ግቢ ወረቀት ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችና፣ “አባዬ፣ ይሄኛው ማደሪያ አለው” አለችው።

መዝጋቢው አቀረቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ስድብ ቸግሮት የማያውቀው ሰውዬ የቅርንጫፉን ወረቀት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ልጁን ሳያያት፣ “ምን ትገተራለህ?” አለው መዝጋቢውን። “መዝግባት እንጂ! ሩቁ ጋ።”