ኧረ እንዳትቸገሩ

«ታዲያ መጨረሻ ላይ ምን ጠየቁሽ?» አለች ደሪቱ፣ ጎሮ ታክሲ መጠበቂያው ላይ ልጇን በጃንጥላዋ ከፀሐይ እየከለለች።

ፌናን ከኦሎምፒያ እስከዚህ ሲመጡ የነጻ ትምህርት ኢንተርቪውን ነገር አንድ በአንድ አውርታላታለች፤ ስለ ትርፍ ሲጠይቋት፣ ስለ ሠራተኛ አያያዝ ሲጠይቋት እንዴት እንደመለሰች፣ ሰዎቹም እንዴት ፈገግ እንዳሉላት። መጨረሻውን ግን እስካሁን አላነሣችም።

«ሴትየዋ ናት የጠየቀችኝ። ‹ማስተርሱን በነጻ የምናስተምረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንቺ የግድ ያስፈልግሻል?› አለችኝ።»

«እሺ?»

«‹ኧረ እንዳትቸገሩ› አልኳት። ‹የባሰበት ካለ ለሱ ስጡት።›»

የደሪቱ ፊት በራ። «ጎሽ የኔ ልጅ! ጨዋ ልጅ እንዲህ ነው። እሷስ ምን አለች?»

«‹እሺ፣ እናመሰግናለን› ብላ ወረቀቷን ገለበጠች።»

ደሪቱ ቀሪውን ጠበቀች። ነገሩ እዚህ ላይ አያልቅማ። ሰው ቤት ገብተህ ብላ ስትባል «ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች። «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። «አፈር ስሆን» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ነው እጅ የሚታጠበው። ገና ሲቀርብ እጁን የሚሰድማ አሳዳጊ የበደለው ነው።

«ደግማ አልጠየቀችሽም?»

«እኔም እኮ ደግማ እስክትጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው! አንዴ ‹ተይ እንጂ› ብትለኝ እሺ ልል ነበር። እሺታው አፌ ላይ ነበር፣ እማዬ።»

«ምናልባት ትሕትናሽን አይታ...»

«እነሱ የሚጽፉት ‹አልፈልግም አለች› ብለው ነው።»

«እግዜር ልብሽን ያውቃል።»

«እግዜር ያውቃል። ሴትየዋ ግን አታውቅም።»

ደሪቱ አማተበች። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ አነጋገሯ ትቆጣት ነበር። ዛሬ ግን በምን አፏ? ልጅቷ በቀን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ እየሰፋች፣ በማታ እየተማረች ነው ዲግሪዋን የያዘችው። ዓይኗ መድከም ጀምሯል፤ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ወገቧን ይዛ ነው። ከፍለው እንዳያስተምሯት መሬቱ የለ፣ በሬው የለ፤ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ላይ ዛሬ የፋብሪካ ሼድ ቆሟል። ደሪቱ ጠዋት መድኃኔዓለም ደጅ ወድቃ «ልጄን ከዚያ ማሽን ላይ አንሣልኝ» ስትል፣ አንሥቷታል ብላ አምና ነበር።

«ተነሺ እንመለስ» አለች። «እኔ ራሴ ገብቼ እነግራታለሁ። ‹ይሉኝታ ይዟት ነው እንጂ ትፈልጋለች› እላታለሁ።»

«ሰው ላስተዳድር ነው የምማረው ብዬ፣ እናቴን ይዤ ልሂድ?»

«እንግዲያው ደውይላት።»

«ምን ብዬ? ‹አልፈልግም ያልኩት ፈልጌ ነው› ብዬ?»

ደሪቱ ነገሩን በልቧ ደገመችው። እሷ ቤት፣ ጎረቤቷም ቤት፣ ይህ የማንም ሰው ንግግር ነው። እዚያ ልጇ የተጠየቀችበት፣ መስታወት በመስታወት የሆነው ሕንፃ ውስጥ ሲነገር ግን በሐሳቧ ሰማችው፤ የእብድ ወሬ ሆነባት።

የፋብሪካው ሰርቪስ አቧራውን እያቦነነ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። የከሰዓት ፈረቃ ገቢዎችን ነው የጫነው። ከፌናን ጎን ያለው ማሽን ላይ የምትሠራው ሐሚዳ በመስኮቱ እስከ ደረቷ ወጣች።

«ፌኒ! ምንድነው ይሄ ነጭ ሸሚዝ፣ ሽማግሌ ተላከብሽ እንዴ?»

«ፈቃድ ነኝ ዛሬ።»

«የምን ፈቃድ! ሁለት ልጆች ቀርተውብናል፤ የነሱን ሥራ እኛ ልንሞትበት ነው። ነይ ግቢ!»

«ኧረ ሂዱ፣ እኔ ነገ...»

«በሞቴ!»

«ሐሚዳዬ፣ ዛሬ እንኳ ተይኝ፣ ደክሞኛል።»

«አፈር ስሆን! ወላሂ ካልገባሽ ሁለተኛ አላናግርሽም!»

ሌሎቹም ተቀበሏት፤ አንዷ «በእናትሽ!» አንዷ «ስለ ማርያም!» እያለች። አንዷ ጭራሽ ወርዳ ክንዷን ያዘቻት። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

ፌናን ወደ እናቷ ዞረች። ደሪቱ «አትሂጂ» ልትል ነበር። ሴቶቹ ግን በመስኮት «እማማ፣ እርስዎም እንጂ ይለምኑልን!» እያሉ ሳቁላት፤ እሷም ይሉኝታ ያዛትና በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

በሩ ተዘጋ። ሰርቪሱ ገና ሳይርቅ አንዷ ከኋላ ወንበር ትርፍ ሰማያዊ የሥራ ጋዎን አቀበለቻት። በመስኮቱ ውስጥ መጀመሪያ አንዱ ነጭ እጅጌ፣ ከዚያ ሌላው፣ ሰማያዊው ውስጥ ገባ።