ባዶው መስመር

ሕንፃው ተዘግቶ የተባይ መርዝ ሊረጭበት ነው። ውስጥ ሰው አለመቅረቱን አረጋግጦ የሚፈርመው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ሹመት ሲታደል ሁሌ የሚታለፍ ሰውዬ።

የበሩ ኮምፒውተር የገባውን ሰው ሁሉ በየመስመሩ ይዘረዝራል። እሱ ደግሞ ትእዛዝ ጽፎ እያንዳንዱን መስመር ክፍተት ባለበት ይቆርጠዋል፦ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት። የወጣ ሰው አራት ቁራጭ አለው፣ ያልወጣ ሦስት። ባዶ መስመር ምንም የለውም።

ዛሬ ሦስት ቁራጭ የቀረው የእሱ መስመር ብቻ መሆን ነበረበት። ከሥሩ ያለው ባዶ መስመርም ሦስት ሆኖ ተቆጠረ። የባዶውን መስመር የክፍል ቁጥር ብቻ አውጣ ብሎ አዘዘ፤ ኮምፒውተሩ «ስድስት» አለው። ስድስት የራሱ ቢሮ ነው፤ ያለውም ወንበር እሱ የተቀመጠበት ብቻ።

አለቃው ጋ ደወለ። አለቃውን የኮምፒውተር ቁልፍ መምታት ያስተማረው ይኸው ሠራተኛ ነበር።

«አለቃ፣ ባዶው መስመር ላይ አንድ ሰው ይተርፋል።»

«የሚተርፈው ያንተ ወሬ ነው። ደግሞ ባዶ መቁጠር ጀመርክ? ውጣና ፈርም።»

መከራከሩ ታከተው። ካርዱን በሩ ላይ አስነክቶ ወጣና በሩ ላይ ባለው ዘበኛ ኮምፒውተር መስመሮቹን እንደገና ቆረጠ። የእሱ አራት ሆኗል። ባዶውም አራት፤ የወጡበት ደቂቃ አንድ ነው። እፎይ ብሎ ፈረመ።

ዘበኛው በሩን ቆለፈ። «አንተ፣ እለፍ እንጂ፣ መንገድ ዘጋህ እኮ» አለው፣ እንደ ልማዱ። ከዚያ ከሰውየው ኋላ ወዳለው ባዶ ቦታ ዞሮ፣ ለእሱ አንድ ቀን እንኳ አንሥቶለት የማያውቀውን ኮፍያ አነሣና፣ «ይለፉ ጌታዬ» አለ።