ፈተና የሌለበት ማን አለ

"ቶሎ በይ እህቴ፣ መኪና አስቁሜ ነው የመጣሁት" አለ የልጅቷ አባት፣ ግማሽ ራሱን በመዝገብ ቤቱ መስኮት አስገብቶ። "የልጅቷን የመውጫ ወረቀት ስጪኝና ልሂድ።"

"መውጫ ለመኪና ነው። ለተማሪ መሸኛ ነው የሚባለው" አለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ። ተማሪው ሁሉ ወይዘሮ ማኅተም ይላታል። ቀና ብላ እንኳ ሳታየው አንድ ቅጽ ገፋችለት። "ይሙሉት።"

ልጅቷ ከኋላው ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አባቷ የጭነት መኪና ስምሪት ኃላፊ ነው። በቅርቡ በሌላ ከተማ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ተሾመ፤ ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲሄድ እንኳ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ነው የሚራመደው። ውጭ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ የቤቱን ዕቃ ከነኮተቱ የጫነ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀዋል። እናቷ ጋቢና ውስጥ የግድግዳውን መስተዋት ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጅቷ እሷንም ንቃታለች። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከዚያች ሴት አፍ "እሺ" ከሚለው በቀር የረባ ቃል ሲወጣ አልሰማችም።

እናቷ አንዴ ብቻ ሞክራ ነበር። የዛሬ ሦስት ሳምንት እራት ላይ፣ "ልጅቷ እኮ ፈተና አለባት" አለች ፈራ ተባ እያለች።

አባቷ የጎረሰውን እንኳ አልዋጠም። "ፈተና የሌለበት ማን አለ? እኔስ ስንቱን ፈተና አልፌ ነው እዚህ የደረስኩት?" ብሎ ስለ ትዕግሥት ሩብ ሰዓት ሰበከ። እናቷ "እሺ" አለች። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቋን በውሃ አወራረደች፤ ክፍሏ ከገባች በኋላ ግን ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

አሁን አባቷ ስሟን ከነአያቷ በትልልቁ ጻፈ። "ክፍል" የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ። ዞር ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ልጅቷ ሁለት እርምጃ ላይ ናት። ግን እሱ የማያውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ "11ኛ" ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

በትከሻው በኩል አየችው። አፏ ሊከፈት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ይጻፈው አለች በሆዷ፤ ዓይኑ እያየ ገደል ይግባ።

ወይዘሮ ማኅተም መደርደሪያውን አገላብጣ ተመለሰች። "በዚህ ስም አሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የለንም።"

"የለንም ማለት ምን ማለት ነው?" አባቷ ድምፁን ለኮሪደሩ ሁሉ አካፈለ። "እኔ አርባ ሁለት መኪና ነው የማሰማራው! የአንዷ ጎማ ቢተነፍስ የት እንደተነፈሰ ከወንበሬ ሳልነሳ ነው የምነግርሽ። እናንተ እንዴት አንዲት ልጅ ይጠፋባችኋል?"

ወረፋ የያዙ ተማሪዎች ተጠቃቀሱ። ልጅቷ አላፈረችም። ማፈር ለዘመድ ነው፤ እሷ ሰውየውን እንደ እንግዳ ነበር የምታየው።

"አንቺ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አለቻት ወይዘሮ ማኅተም።

"እሱን ይጠይቁት።"

"አሥራ አንደኛ!" አለ አባቷ። ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። "አይደለሽም እንዴ?"

"አምና ነበርኩ።"

ወይዘሮ ማኅተም ሌላ ፋይል አውጥታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። "አሥራ ሁለተኛ ነች። ለመልቀቂያ ፈተናው የተመዘገበችው በዚህ ትምህርት ቤት ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ተዘግቷል። ዛሬ መሸኛ ካወጡላት ዘንድሮ አትፈተንም። ዓመቷ ተቃጠለ ማለት ነው። አራት ወር ነው የቀራት።"

"የምን ፈተና?" አለና ወዲያው አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ያ እራት ላይ የተባለው ቃል፣ ሦስት ሳምንት በመንገድ ቆይቶ፣ ገና አሁን ጆሮው ገባ።

ልጅቷ ሳታስበው ከግድግዳው ተላቀቀች። ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረገች፤ ተስፋ በማድረጓም ራሷን ጠላች። አባቷ አንገቱን እንደገና በመስኮቱ አሾለከ።

"እህቴ፣ እንግዲህ ቅጹን አንዴ ሞልቼዋለሁ" አለ በለሆሳስ። "እንዳይበላሽ... አሥራ አንደኛ ብለሽ ብትሰጪኝስ? እዚያ ሄዳ ትደግመዋለች። ትምህርት እንደሆነ ሲደጋገም ነው የሚገባው።"

ወይዘሮ ማኅተም ማኅተሟን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። ልጅቷ አባቷን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ስትናደድበት የኖረችው ለካ ትልቅ መስሏት ነው፤ ለንዴት እንኳ የማይበቃ ትንሽ ሰው ሆኖ አገኘችው። ትታው ወጣች።

መኪናው ጋ ስትደርስ ጭነቱ ላይ ለተቀመጡት ጫኞች "የኔን ፍራሽና የደብተሬን ካርቶን አውርዱልኝ" አለች። "አክስቴ ቤት ነው የምቀረው።"

ጫኞቹ ጋቢናውን ተመለከቱ። እናቷ መስኮቱን አወረደች። "ምን አለሽ?"

"አሥራ አንደኛ ነሽ አለኝ።"

ልጅቷ የተለመደውን ቃል ጠበቀች። እናቷ መስተዋቱን ለሹፌሩ አሳቀፈችው፤ በሩን ከፍታ ወረደች፤ ቀሚሷን ሰብስባ የኋላውን ጎማ ረገጠችና ጭነቱ ላይ ወጣች። አባቷ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ "ምን እየሠራችሁ ነው?" እያለ ይጮኻል።

"እማዬ፣ የኔ ፍራሽ ከላይ ያለው ነው" አለች ልጅቷ።

"አይቻለሁ" አለች እናቷ፣ የገመዱን ቋጠሮ በጥርሷ እየሳበች። "የኔ ከሥሩ ነው።"