ለሚጋልብ ብቻ

እትዬ ሸዋረግን የጠየቃቸው የለም። ኮርቻው የርሳቸው፣ ያረጀውም ከርሳቸው ሥር፤ የመሸጫ ስም ሲወጣለት ግን እሳቸው ሶፋው ላይ እንደ ትራስ ተጎልተው ታለፉ። የወንድማቸው ልጅ ብሌን ኮርቻውን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ፎቶ አነሳችው፤ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ የቴሌግራም ጨረታ ላይ አወጣችው። እሳቸው ነገሩን ያወቁት ልጅቱ ብቻዋን ስትስቅ ነው።

"ምን አገኘሽ?"

"እትዬ፣ ገና ከመውጣቱ ፈላጊ መጣለት! የሎጅ ባለቤት ነው። ዋጋም ጠርቷል፤ ግድግዳውን ለክቷል፤ የኮርቻው ስፋት ስንት ነው ይላል።"

"የምን ግድግዳ?"

"ሊሰቅለው ነዋ። ለጌጥ።"

እትዬ ሸዋረግ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከላይ አርማጭሆ ጎንደር ከገቡ ወዲህ በቅሎ ላይ አልወጡም፤ ከእንግዲህም አይወጡም። በቅሎዋ ተሸጣለች። ኮርቻው ግን በር ኋላ ሆኖ ቆዳው እየደረቀ ሲሄድ ማየቱ አላስችል ቢላቸው "ሽጭልኝ" አሉ። ሽጭልኝ አሉ እንጂ ስቀይልኝ አላሉም።

"እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ።"

ብሌን ጉሮሮዋን ጠረገች። "ልዩ ጥንታዊ የጎንደር ኮርቻ፤ ለሆቴል፣ ለሎጅ፣ ለባህላዊ ቤት ውበት።"

"ጥንታዊ? ካገባሁ በኋላ ያሠራሁት ኮርቻ ጥንታዊ ከሆነ እኔ ምንድን ነኝ? እኔንስ ምነው ከጎኑ አልሰቀልሽኝ?"

"አይቆጡ እንጂ። ርዕስ እንዲህ ነው የሚጻፍ። ገዢው የሚፈልገውን ቃል ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ ያ ቃል ርዕሱ ውስጥ ከሌለ ዕቃው አይመጣለትም። ጥንታዊ ብሎ የሚፈልገው ብዙ ነው።"

"ግድግዳ ያለውን ጠራሽ፣ ግድግዳ ያለው መጣ። አሁን ደግሞ በቅሎ ያለውን ጥሪልኝ።"

"በቅሎ ያለው ቴሌግራም አያይማ!"

"ትክል ድንጋይ ገበያ ውለሽ ታውቂያለሽ? ከብት የሚነዳው ሁሉ በአንድ እጁ ዱላ፣ በአንድ እጁ ስልክ ነው። አጥፊው።"

"ካጠፋሁት ሰውዬው አይመለስም።"

"መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።"

ብሌን በረጅሙ ተነፈሰችና አጠፋችው። "እሺ፣ ይበሉ። እኔ ልጻፍ።"

እትዬ ሸዋረግ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ገበያ መሃል እንደቆመ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "የሸዋረግ ኮርቻ፤ የላይ አርማጭሆን ዳገት ቁልቁለት የጨረሰ፤ ጀርባ የማይልጥ፤ ለመካከለኛ በቅሎ የሚሆን፣ ለፈረስ የማይሆን፤ የግራ እርካቡ ጠፍር ተበጥሶ በጎማ የተቀየረ..."

"ጎማውንማ አንጽፍም!"

"ምነው? በሬ ስትሸጪ ተዋጊ ከሆነ ተዋጊ ነው ብለሽ ነው የምትሸጪ። ነውሩን ደብቆ የሸጠ ሰው ሁለተኛ ገበያ ምን ዐይን ይዞ ይወጣል?"

"እሱስ ይሁን። ግን ይችን ይዩ።" ስልኩን አስጠጋችላቸው። ማንበብ ባይችሉም መስመሯ አጭር መሆኗ፣ ጫፏም ላይ ነጠብጣብ መኖሩ ታያቸው። "ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይችኑ ነው፤ የቀረውን ስልኩ ይቆርጠዋል። የሸዋረግ ኮርቻ፣ የላይ አርማጭሆን ብሎ ቀረ። በቅሎ የምትል ቃል የለችም።"

"ስሜ ግን አለ?"

"አለ። አላፊ አግዳሚው ግን ሸዋረግ ማን ናት ነው የሚል።"

ነገሩ ከነከናቸው፤ ውሸት ግን አልነበረም። ገበያም ሲጮህ ከሰው አፍ የምትሰማው አንድ ሁለት ቃል ናት። ስማቸውን ተዉት። ዳገቱን ለመተው ግን ትንሽ አመነቱ።

"ጻፊ። የበቅሎ ኮርቻ፣ ለሚጋልብ ብቻ።"

"ጎማውስ?"

"ከሥሩ። ከሁሉ አስቀድመሽ እሱን።"

ወጣ። ስልኩም ዝም አለ። የሎጁ ሰውዬ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ "ለጌጥ አይሆንም ማለት ነው?" ብሎ ጻፈ። "አይሆንም በይው" አሉ እትዬ ሸዋረግ። ሄደ፤ ሌላም አልተተካ። ኮርቻውን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ደጁ አዞሩ። ማንም ባይፈልገውስ? እዚያው በር ኋላ ተሰነጣጥቆ ሊያልቅ ነው።

ስልኩ ጢን አለ። የድምፅ መልእክት ነው፤ የሸመገለ፣ ነፋስ የሚያንገላታው ድምፅ።

"መለሰ እባላለሁ፣ ከትክል ድንጋይ ማዶ። ጠፍሩ በጎማ ተቀይሯል አለችኝ ሚስቴ አንብባ። ሸጋ፤ ይኸ የነገራችሁን ነው። ያልነገራችሁንስ? ለሚጋልብ ብቻ ብሎ የጻፈው ሰው ራሱ ጋልቦ ያውቃል? ወይስ የከተማ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድማ ነው የምትቀባጥር?"

ብሌን በድንጋጤ አፏን ያዘች። የእትዬ ሸዋረግ ፊት ግን በራ። "እሰይ፣ ሰው መጣ! የቱን ልጫን?"

ልጅቱ ጣታቸውን ይዛ አስጫነቻቸው።

"አያ መለሰ፣ ልጅ አዝዬ ወንዝ የተሻገርሁበት ኮርቻ ነው። ዳሌዬንም የሰበረኝ እሱ እንዳይመስልዎ፤ የገዛ ቤቴ ደፍ ነው። የፈረደበትን ኮርቻ እንዳያሙብኝ!"

የአያ መለሰ መልስ ሲመጣ መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁን ሳል ተከተለው። "እንዲያ ከሆነስ ጥሩ ባለቤት ነበረው። በቅሎዬ ገና መገራቷ ነው፤ ጀርባዋም ጠበብ ይላል። ዋጋዬን ሚስቴ ጽፋዋለች። ከተስማማችሁ በማኪና ላኩልኝ።"

ብሌን ዋጋውን አይታ ተንሾካሾከች። "ሎጁ ከሚሰጠው ያንሳል። ግን ሌላ ተጫራች የለም። እሺ ልበለው?"

እትዬ ሸዋረግ አልሰሟትም። ገና የተገራች፣ ጀርባዋ ጠባብ... ዐይናቸውን ጨፈኑ። መዳፋቸው ሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ከበቅሎ ትከሻ ወደ ወገቧ እንደሚሄድ፣ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። ከዚያ ስልኩን ከልጅቱ እጅ ነጠቁና ራሳቸው ተጫኑት።

"በማኪና የሚላክ ነገር የለም፣ አያ መለሰ። በቅሎዋን ይዘው ይምጡ። ጀርባዋን በእጄ ሳልዳብስ ኮርቻዬ ከዚህ ደጅ አይወጣም። ደግሞ አብልተው ያምጧት፤ በባዶ ሆዷ ጠፍር አልለካባትም።"