አንድ ብር ጎደሎ

በመደብሩ ውስጥ ዋጋው ሙሉ የሆነ ዕቃ አልነበረም። ድስቱ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ ጃንጥላው መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ አምፖሉ አርባ ዘጠኝ። ደንበኛው ድፍን ብር ይሰጥና አንዲቷን ብር መልስ ይጠብቃል። አንዳንዱም ቸርነት ያምረውና «እሷን ተያት» ይላል። ካሸሯ ግን መተው አትችልም። ባለመደብሩ ሲቀጥሯት መጀመሪያ ያስጠነቀቋት ይህንኑ ነበር፤ ደንበኛው ቢተወውም መሳቢያው ይከፈታል፣ መልሱም ይሰጣል።

መሳቢያው ደግሞ ዝም ብሎ አይከፈትም። ጎኑ ላይ የናስ ደወል ታስሮበታል፤ በተሳበ ቁጥር ቤቱን በሙሉ ያደነቁረዋል።

ነገሩን የገለጠላት ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ምላሱ ከመርፌው የሚፈጥን ሰው። ዘጠና ዘጠኝ የሚል ያየ ገዢ መቶ አላወጣሁም እያለ ራሱን ይሸነግላል አላት። ይህን እሷም ታውቃለች። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዋጋው ድፍን ከሆነ ደንበኛው ብሩን ወርውሮ ይሄዳል፣ ካሸሩም ወደ ኪሱ ይከታል። መልስ ካለ ግን መሳቢያ መክፈት ግድ ነው፤ ከተከፈተም ይጮሃል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እህቴ» አለ። «ሽማግሌው ትምህርቱን ያገኙት ከገዛ ልጃቸው ነው።»

ከእሷ በፊት በዚሁ ደወል ባለው መሳቢያ ላይ የሚቀመጠው ልጅየው ነበር። ዝምተኛ፤ ድምፁን የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ሊያገባት ባሰባት ልጅ ሰበብ ከእናቱ ጋር ተኳርፎ፣ እናትየው ወደተኙበት ፎቅ መውጣት እንኳ ትቶ ነበር። አንድ ቀን ከመደብሩ እንደወጣ ቀረ። አባት ሊፈልጉት ሄዱና ከስተው፣ ጠቁረው ተመለሱ። በዚያው ሳምንት የዕቃውን ሁሉ ዋጋ አንድ አንድ ብር ቀነሱ። ስለ ልጁ የጠየቃቸው ሰው መልስ አላገኘም። ስንት ብር ይዞ እንደጠፋ ልብስ ሰፊው ባያውቅም፣ ብዙ መሆን አለበት ባይ ነው።

ካሸሯ ይህን ከሰማች ወዲህ ደወሉ በጮኸ ቁጥር መሳቢያውን ፈጥና ትዘጋ ጀመር። ከቀድሞ ሥራዋ የወጣችው ያልነካችውን ወስደሻል ተብላ ነው። ስሟን የምታድስበት ቦታ ይህ ብቻ ነበር፤ እዚህም ሌባ ከተባለች ማንም አይቀጥራትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሁሉ ነገር ጥርጣሬ ይመስላት ጀመር። ባለመደብሩ ወለሉ ይቀዘቅዛል ብለው ከባድ የወንድ ጫማ ሰጥተዋታል፤ እርምጃዬን ሊሰሙ ነው አለች። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ወሬም አታብዢ ማለታቸው ከደንበኛ ጋር እንዳትመሳጠር ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ራሳቸው መጥተው መሳቢያውን ስበው ይዘጉታል፤ እሱም ደወሉን ሲፈትሹ ነው።

ከሁሉም የከበዳት ግን ጣሪያው ነበር። ጠዋት የመጀመሪያው ደወል እንደጮኸ ከላይ ሁለቴ ኳ ኳ ይላል። የባለመደብሩ ሚስት ናቸው፤ ዓይናቸው ፈዝዟል፣ ከአልጋ አይወርዱም፣ ከዘራ ግን ከእጃቸው አይለይም። ካሸሯ አይታቸው አታውቅም፤ ፎቅ መውጣት አልተፈቀደላትም። አንዱ ከፊት፣ አንዷ ከላይ ሆነው እንደሚጠብቋት ገባት። ቤቷ ገብታ ስትተኛ እንኳ ጣሪያዋ ሁለቴ የሚንኳኳ ይመስላታል፤ ነቅታ ታዳምጣለች፣ ምንም የለም።

አንድ ቀን ሆዷ አልችል አላትና ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ አያምኑኝም?»

«አምንሻለሁ» አሉ። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ደወሉን ግን እንዳትነኪው።»

ይህ ከስድብ በላይ አቆሰላት።

ባለመደብሩ መድኃኒት ሊገዙ የወጡ ቀን ቆረጠች። ደወሉን በመፍቻ ፈትታ ባንኮኒው ሥር ሸሸገችው፤ ጫማውንም አውልቃ በነጠላ ጫማዋ ቆመች። ያሰበችው ቀላል ነው። ያለ ደወል ትውላለች፣ ሒሳቡንም ሳታጎድል ታስረክባለች፤ ያኔ እጇ ንጹሕ መሆኑን ሳይወዱ በግድ ያምናሉ።

ደንበኛ ገባ፣ ወጣ። መሳቢያው በዝምታ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ረፋዱ ላይ ከላይ ሁለቴ ተንኳኳ፤ ቀና አላለችም። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተንኳኳ፣ ከዚያም አከታትሎ፣ ጃንጥላ የሚመርጥ ሰው ደንግጦ ጣሪያውን እስኪያይ ድረስ። ያንኳኩ፣ ባላቸው ሲመለሱም ይንገሩብኝ አለች በልቧ። ቀትር ላይ ኳኳታው ቆመ። እፎይ ትላለች ስትባል ፍርሃት ያዛት፤ ምን እንዳስፈራት ግን አላወቀችም።

ባለመደብሩ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ወጡ። ብዙ ቆዩ። ከላይ ልቅሶ የሚመስል ድምፅ ሰማች። እሷም ብሩን ባንኮኒው ላይ ደርድራ፣ የምትናገረውን በልቧ እያጠናች ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቁጠሩት» አለች እግራቸው ወለሉን እንደረገጠ። «ያለ ደወል ነው የዋልኩት። አንዲት ብር አልጎደለችም።»

ብሩን አላዩትም። ባንኮኒውን ተደግፈው ቆሙ።

«ደወሉን መልሺው፣ እባክሽ» አሏት። «እናቱ ደወሉን ስታጣ ልጄ ጥሎኝ ሄደ እያለች ነው፤ መሞቱን እስካሁን አልነገርኳትም።»