በሰው ጉሮሮ

«ይሄ የእሷ ድምፅ አይደለም» አለች የሟቿ ታላቅ እህት፣ ዘፈኑ ገና ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ።

የልጅ ልጇ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት። «አያቴ፣ በናትሽ ቀስ በይ። ሰው እያየን ነው።»

እውነትም እያያቸው ነበር። የቲያትር ቤቱ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ግማሹ ሰው መሀረቡን ዓይኑ ላይ አድርጓል። መድረኩ ላይ የሟቿ ፎቶግራፍ ቆሟል፤ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ አፏን ለዘፈን ከፍታ። ከድምፅ ማጉያው የሚንቆረቆረውም ዘፈን ልክ ከዚያ አፍ የሚወጣ ይመስላል። ማን ይጠረጥራል?

ታናሿ በሙዚቃዊ ቲያትሩ ዘመን «ስርቅርቋ» ነበር የምትባለው። አርባ ዓመቷ ላይ ጉሮሮዋ ታመመ፤ ከቀዶ ሕክምናው ስትነሳ ድምፅዋ ዘይት ነክቶት እንደማያውቅ በር ሆኖ ቀረ። ቲያትር ቤቱ ግን ተመልካቹን ማጣት አልፈለገም። የሌላ ሴት ድምፅ የቴፕ ክር ላይ ቀዱ፤ «አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አሏት። ክሩ ላይ የእሷን ስም ጻፉበት። አንድ ትርኢት እንደምንም ጨረሰችና በማግስቱ፣ «በሰው ጉሮሮ ከምዘፍን በራሴ ጉሮሮ ብሳደብ ይሻለኛል» ብላ ወጣች።

ተሳደበችም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ጎርናና ድምፅ፣ ምራት የምታንቀጠቅጥ አማት፣ ጠበቃ የምታፋጥጥ ዳኛ፣ ተከራይ የምታባርር የቤት ባለቤት ሆና ፊልም ላይ ተጫወተች። ዛሬ ደግሞ ቲያትር ቤቶቹ ለመታሰቢያዋ ብለው ያንን ክር ከመጋዘን ቆፍረው አወጡት። ስሟን አይተው ነው፤ ክፋት የለበትም። ታላቅ እህትን ያንገበገባት ይኸው ክፋት የለሽነቱ ነበር።

ታላቅ እህት በተፈጥሮዋ ፈሪ ናት። ምድጃው መጥፋቱን ሁለቴ ተመልሳ ሳታይ ከቤት አትወጣም። ያን ጊዜም፣ «ምን አለበት? አፍሽን ብታንቀሳቅሺ ምን ይጎድልብሻል? ጦምሽን ልታድሪ ነው?» ብላ እህቷን የለመነችው እሷው ነበረች።

ተነሳች። ጉልበቷ ተንቋቋ። «አያቴ፣ ደረጃው!» አለች የልጅ ልጇ። የመድረኩ ደረጃ ያስፈራል፤ መደገፊያ የለውም። ወጣችው።

አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ በሩጫ መጣ። «እማማ፣ ምነው? አመመዎት? ውኃ ላምጣልዎት?»

«ውኃውን አንተ ጠጣው። ዘፈኑን አጥፋልኝ።»

«እንዴ! ሕዝቡ እያለቀሰ እኮ ነው!»

«ያልቅስ። ግን ለገዛ ሟቹ ያልቅስ።»

«ክሩ ላይ ስሟ አለ፣ እማማ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«የስኳር ጣሳ ላይ ጨው ብለህ ብትጽፍ ጨው ይሆንልሃል?»

አዘጋጁ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «እሺ፣ ልክ ነዎት እንበል። ለዛሬ ይለፉት። በዚያ በጎርናናው ድምፅ እንሸኛት? አምሮባት ትታወስ ብለን ነው እኮ የፊልሟን ቁራጭ ከፕሮግራሙ ያስወጣሁት።»

«እኔም ልክ እንዳንተ ብዬ ለምኛት ነበር» አለች ታላቅ እህት። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እግሯ ግን ንቅንቅ አላለም። «አንድ ወር ሙሉ ዘጋችኝ። አሁን ደግሞ እንደዘጋችኝ እንድትቀር ትፈልጋለህ?»

መልስ አልጠበቀችም። ወደ ድምፅ ክፍሉ መስኮት ቀና ብላ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጮኸች። «አንተ እዚያ ላይ ያለኸው! ይሄን የተውሶ ጉሮሮ ዝጋና ያስወጡትን ፊልም አምጣ! አማቲቱን አምጣልኝ!»

ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆረጠ። አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ኧረ አሮጊቷን አስቀምጧት!» አለ።

«አልቀመጥም!» አለች። «ቆሜ ነው የምሰማት።»

መብራቱ ጠፋ። ሸራው ላይ አንዲት ሽበታም ሴት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከበር ብቅ አለች። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ያ ሻካራ፣ ያ የተፋቀ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«ማነው እሱ፣ ቤቴ ውስጥ ሳያስፈቅደኝ የሚያለቅስ?»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ አንድ ረድፍ። ከዚያ እንባው ገና ያልደረቀ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አዘጋጁ ራሱ አፉን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፈነ።

ታላቅ እህት ለሕዝቡ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከሸራው ሥር፣ አንገቷን ወደዚያ ግዙፍ ቁጡ ፊት ቀና አድርጋለች። ጉንጯ ርሷል፤ አልጠረገችውም።

«እኔ ነኝ» አለቻት። «ምን ታመጪያለሽ?»