የልብስ ሰፊዋ ቅርጫት

ቀያሹ «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ሊጫን ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ቅርጫቱንስ ገልብጠኸዋል?» አለችው።

እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ፣ ሲያዘግም የኖረውን የቤት ኮምፒውተር አዲስ ሲስተም ሊጭንበት ቆርጦ ተነስቷል። ስክሪኑ ሦስት ምርጫ ሰጥቶታል፤ ነባሩን ማደስ፣ ከነባሩ ጎን አዲስ መጫን፣ ወይም ሁሉን አጥፍቶ ከባዶ መጀመር። ዕድሜ ልኩን ባዶ መሬት ላይ ችካል ሲተክል የኖረ ሰው ነውና ከባዶ እንደመጀመር ደስ የሚለው ነገር የለም። ፎቶውንም ደብዳቤውንም ፍላሽ ላይ ገልብጦ ጨርሷል።

«የምን ቅርጫት?»

«ጥጉ ላይ ያለው ነዋ። የደንበኞቼን ልክ የማስቀምጥበት።»

የምትቀልድበት መሰለው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን የቆሻሻ መጣያ ምስል ሲከፍት ግን ክው አለ። የሃያ ዓመት ደንበኞቿ በየስማቸው ተደርድረዋል። ያቺን ቁልፍ ቢጫናት ኖሮ ልፋቷን ሁሉ ውሃ በልቶት ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ይሄ እኮ የሚጣል ነገር የሚገባበት ነው።»

«ቅርጫት ውስጥ ምን የሚጣል ነገር አለ?» አለች፣ ከሥሯ ያለውን የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫት በእግሯ ገፋ አድርጋ። «ኪሱንም ገበሩንም ከዚህ አይደል የማወጣው? ያንንም ስፈልግ አወጣለሁ፣ ስጨርስ እመልሳለሁ።»

አንድ በአንድ ወደ ፍላሹ ሲያወጣ «የኔ ሰው» የሚል ፋይል አገኘና ከፈተው። የገዛ ወገቡ ነው፤ ከሠርጋቸው ሱሪ ጀምሮ በየዓመቱ ተመዝግቧል። ቁጥሩ አንዴም ወደ ኋላ አላለም። አፈረም፣ ደስም አለው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ተከታትሎ የያዘው ሌላ ሰው የለም።

ሁሉንም ከገለበጠ በኋላ እንኳ ከባዶ መጀመሩ አላሰኘውም። ሌላ ምን የት እንዳስቀመጠች ማን ያውቃል? «ከነባሩ ጎን» የሚለውን መረጠ።

«አልጠፋም አይደል?» አለችው።

«አንድም አልጠፋም።»

እፎይ ብላ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። «በል ተነስ። የዘንድሮው አልተለካም።»

ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀስ እያለ ሲሞላ፣ እሱ ትንፋሹን ይዞ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ሜትሩን በወገቡ ዙሪያ አሳልፋ ጠበቀች።

«ሆድህን አትደብቅብኝ» አለች።

ሳቀና ትንፋሹን ለቀቀው።